ዊንዶውስ 10 ላይ ሼር የተደረገ ፕሪንተር ለዊንዶውስ 11፣ ለማክ እና ለኡቡንቱ እምቢ አለን

ሔሉ_አካውንታንት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። አዲስ አበባ ትንሽ የሂሳብ ስራ ቢሮ ነው ያለነው፣ አንድ ጥቁርና ነጭ ሌዘር ፕሪንተር አለን፣ ዋይፋይም የኔትወርክ ኬብል ማስገቢያም የለውም፣ በዩኤስቢ ዊንዶውስ 10 ዴስክቶፕ ላይ ተሰክቶ ሼር ተደርጓል። ድሮ ሁላችንም ዊንዶውስ 10 ስለነበርን ምንም ችግር አልነበረም። አሁን አንዷ ልጅ ዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ ገዛች፣ አለቃችን ማክቡክ ይዘው መጡ፣ ሲስተም የሚሰራልን ልጅ ደግሞ ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው የሚጠቀመው።

ዊንዶውስ 11ዱ ፕሪንተሩን ያየዋል ግን ኮኔክት ሲባል መጨረሻው 11ቢ የሆነ ኤረር ያመጣል። ማኩ ላይ ፕሪንተሩ ይገባል፣ ፕሪንት ሲሉ ግን ወረፋው ላይ "ሆልድ ፎር ኦተንቲኬሽን" ብሎ ይቆማል። ኡቡንቱው ደግሞ ያወጣል ግን የሚያወጣው የማይነበብ ነገር ነው፣ አንድ ገጽ ልከን በየወረቀቱ አናት ላይ አንድ ሁለት መስመር ምልክት እየጻፈ ወረቀቱን ጨረሰብን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ደህና የነበሩት ዊንዶውስ 10ሮችም ኦፍላይን ይላሉ። ሰኔ መዝጊያ ነው፣ ደንበኛ ተቀምጦ እየጠበቀ በፍላሽ እያመላለስን ነው። ፋየርዎል አጥፉ ያለን ሰው ነበር፣ አጠፋነው፣ ለውጥ የለውም።

ኬብል_ሳቢ፦
እህቴ መጀመሪያ ፋየርዎሉን መልሱት፣ የደንበኛ ሂሳብ ያለበት ኮምፒውተር ነውኮ። ችግሩ እሱ እንዳልሆነም ራስሽ የጻፍሽው ያሳያል፣ 11ቢ ማለት ላፕቶፑ ዴስክቶፑ ጋር ደርሶ ተነጋግሮ ነው የተከለከለው፣ ፋየርዎል ቢሆን ጭራሽ አይደርስም ነበር። ሶስቱም የተለያየ ችግር ነው ያለባቸው፣ አንድ መፍትሄ ለሁሉም አትፈልጉ።

ከማኩ ልጀምር ቀላሉ እሱ ነው። መልዕክቱ የይለፍ ቃል እየጠበቅኩ ነው ማለት ነው። ዴስክቶፑን የምትከፍቱት በፒን ነው አይደል? ፒን እዛው ማሽን ላይ ብቻ ነው የሚሰራው፣ በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው አያገለግልም። ፓስወርድ የሌለው አካውንት ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ በኔትወርክ አያስገባም። ስለዚህ ዴስክቶፑ ላይ ለፕሪንት ብቻ የሚሆን ሎካል አካውንት ክፈቱ፣ ስሙ አጭር በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ፓስወርድ ያለው፣ አድሚን ያልሆነ። ከዛ ማኩ ላይ የፕሪንተሩን ወረፋ ክፈቱና ከተያዘው ስራ ጎን ያለችውን የምትዞር ቀስት ጫኑ፣ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል፣ "ሬጂስተርድ ዩዘር" ብላችሁ አዲሱን አካውንት ስጡት፣ አስታውስ የሚለውንም ምልክት አድርጉ። ድሮ የተቀመጠ የተሳሳተ ፓስወርድ ኪይቼይን (የማክ የፓስወርድ ማስቀመጫ) ውስጥ ካለ አጥፉት፣ አለዚያ እየደጋገመ እሱን ነው የሚልከው። የሼሩ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ካለም አውጡት፣ ማክ ላይ አድራሻውን በእጅ ስትጽፉት ያስቸግራል።

አለቃሽ ማኩን የሚያገናኙት በየትኛው ዋይፋይ እንደሆነም እዪ፣ የእንግዳ ዋይፋይ ከሆነ ዴስክቶፑን ጭራሽ ላያየው ይችላል።

ቢኒ_ፒሲ፦
ለ11ቢ እኔ የማውቀው ዴስክቶፑ ላይ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብሮች ማስቀመጫ) ትከፍቺና ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ኮንትሮል፣ ፕሪንት የሚለው ጋ "አርፒሲ ኦተን ሌቭል ፕራይቬሲ ኢነብልድ" የሚባል ዲወርድ 32 ቢት ፈጥረሽ 0 ማድረግ ነው፣ ከዛ ስፑለሩን (የፕሪንት ስራዎችን በወረፋ የሚያስተናግደውን የዊንዶውስ አገልግሎት) ሪስታርት። ብዙ ቢሮ ላይ ሰርቶልኛል።

ኬብል_ሳቢ፦
ቢኒ መስራቱስ ይሰራል፣ ግን ምን እየከፈትን እንደሆነ ትወቅ። ያ ቅንብር የመጣው በፕሪንት ስፑለር በኩል የሚገባ የደህንነት ቀዳዳ ለመድፈን ነው፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2021 አወጣውና ሴፕቴምበር 2021 ላይ አስገዳጅ አደረገው፣ የ11ቢ ኤረር በየቦታው የፈላውም ያኔ ነው። መሃል ላይ ደግሞ ፕሪንት ናይትሜር የተባለው ሌላ ቀዳዳ መጣ፣ እሱም እዛው ስፑለር ላይ ነው። 0 ስታደርገው የተደፈነውን መልሰህ ከፈትክ ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14፣ 2025 ስላበቃ እንደዚህ አይነት ማሽን ላይ ተጨማሪ በር መክፈት አልወድም።

ሔሉ መጀመሪያ ሁለቱንም ኮምፒውተር ያለውን አፕዴት በሙሉ ጫኑላቸው፣ አንዱ ተጭኖ ሌላው ሳይጫን ሲቀርም ይሄ ኤረር ይመጣል። እምቢ ካለ ሬጂስትሪ ሳትነኩ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ዊንዶውስ 11 ላፕቶፑ ላይ የፕሪንተሩን ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ከፕሪንተሩ ጋር የሚግባባበትን ፕሮግራም) ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። ክሬደንሻል ማናጀር (የዊንዶውስ የፓስወርድ ማስቀመጫ) ውስጥ የዴስክቶፑን ስምና ቅድም ያልኩሽን አካውንት አስገቡ። ከዛ ፕሪንተር ስትጨምሩ በኔትወርክ ፈልግ አትበሉት፣ ሎካል ፕሪንተር በሉና አዲስ ፖርት ፍጠር፣ አይነቱ ሎካል ፖርት፣ ስም ሲጠይቅ ሁለት ባክስላሽ፣ የዴስክቶፑ ስም፣ አንድ ባክስላሽ፣ የሼሩ ስም። ድራይቨሩን ከዝርዝሩ ምረጡ። እንዲህ ሲሆን ላፕቶፑ ፕሪንተሩን እንደራሱ ቆጥሮ ሰነዱን ራሱ ያዘጋጅና የተዘጋጀውን ወደ ሼሩ ብቻ ይልከዋል፣ ኤረሩ የሚመጣበትን መንገድ አይነካውም።

የመብራቱ ነገር፣ ራውተሩ ሲነሳ ለዴስክቶፑ ሌላ አይፒ እየሰጠው ሊሆን ይችላል። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ አድራሻው እንዳይቀየር ሪዘርቭ አድርጉለት። የኔትወርክ ፕሮፋይሉም ፐብሊክ ከሆነ ፕራይቬት አድርጉት፣ ፐብሊክ ላይ ሼሪንግ ይዘጋል። ስሊፑንም አጥፉ፣ ዴስክቶፑ ከተኛ ለሁላችሁም ኦፍላይን ነው።

ፔንግዊን_ከባህርዳር፦
የኡቡንቱውን እኔ ልመልስ። የወጡት ወረቀቶች የመጀመሪያው ላይ የፐርሰንት ምልክት፣ ቃለ አጋኖ፣ ከዛ ፒኤስ የሚል ካለ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኡቡንቱው ፖስትስክሪፕት የሚባል የገጽ መግለጫ ቋንቋ እየላከ ነው፣ ፕሪንተሩ ደግሞ ፖስትስክሪፕት አያውቅም ስለዚህ እንደ ተራ ጽሁፍ አትሞታል። ርካሽ የዩኤስቢ ሌዘሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ ገጹን የሚያዘጋጀው ኮምፒውተሩ ነው፣ ከተራ ጽሁፍ ውጭ እነሱ የሚገባቸው የራሳቸው አምራች የሰራውን ፎርማት ብቻ ነው። ስለዚህ "ጄነሪክ" የሚል ድራይቨር አትምረጡ፣ ማክ ላይም እንደዛው። ለኤችፒ ከሆነ ኤችፒሊፕ የሚባል የሊኑክስ ድራይቨር አለ፣ አንዳንዱ ሞዴል ተጨማሪ ፕለጊን ይፈልጋል፣ ካኖን ከሆነ ለሊኑክስ የራሱ ድራይቨር አለው፣ ሞዴሉን ኦፕን ፕሪንቲንግ ገጽ ላይ ፈልጉት። ወረፋው ላይ የቀሩትን ስራዎች ከዴስክቶፑም ከኡቡንቱውም አጥፉ፣ አለዚያ ፕሪንተሩ በተነሳ ቁጥር ወረቀት መብላቱን ይቀጥላል።

ግን እኔን ብትሰሙኝ ይሄን ሁሉ ጣጣ ከስሩ ነው የምነቅለው። ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ካላችሁ ኡቡንቱ ጫኑበትና ፕሪንተሩን እሱ ላይ ሰኩት፣ ከፕስ (CUPS) በሚባለው የህትመት ሲስተም ሼር አድርጉት። ትክክለኛው የሊኑክስ ድራይቨር የሚያስፈልገው እዛ አንድ ማሽን ላይ ብቻ ነው፣ ከሌሎቹ የሚመጣውን እሱ ይቀይርላቸዋል። ማክ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሱ በከፕስ ነው የሚያትመው ስለዚህ ፕሪንተሩን ሳትነግሩት ያገኘዋል፣ የአለቃችሁ አይፎንም ጭምር በኤርፕሪንት። ዊንዶውሶቹ ላይ በአድራሻ ጨምሩት፣ የማሽኑ አይፒ፣ ፖርት 631፣ printers የሚለው ቃል፣ ከዛ የወረፋው ስም፣ ድራይቨሩ ላይ ማይክሮሶፍት ፒኤስ ክላስ ድራይቨር ምረጡ። የዊንዶውስ ፓስወርድ የለ፣ 11ቢ የለ። ሞዴሉ ለሊኑክስ ድራይቨር እንዳለው ግን መጀመሪያ አረጋግጡ፣ ከሌለው ይሄ መንገድ አይሆንም።

ሔሉ_አካውንታንት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ማኩ ሰራ፣ ፒን ነበር የምንጠቀመው፣ አዲስ አካውንት ስንከፍት ወዲያው ወጣ። ዊንዶውስ 11ዱም በሎካል ፖርቱ ሰራ። ራውተሩ ላይ አይፒውን አስረነዋል። ኡቡንቱው ላይ ልክ እንዳልከው ፐርሰንትና ቃለ አጋኖ ነው የነበረው፣ ልጁ ድራይቨሩን እያወረደ ነው፣ የአሮጌውን ዴስክቶፕ ሀሳብም ከሰኔ በኋላ እንሞክረዋለን።

አሁን አዲስ ነገር መጣ፣ አለቃችን ከማኩ የድሮ የአማርኛ ደብዳቤ አተሙ የወጣው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ነው። ሌላ ደብዳቤ ግን ደህና ወጣ፣ ገጹ ብቻ ተገፍቶ ፊርማው ሁለተኛ ገጽ ላይ ሄደ። ይሄም ድራይቨር ነው?

ኬብል_ሳቢ፦
አይ ይሄ ፎንት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ዩኒኮድ (ለሁሉም ቋንቋ ፊደላት የጋራ የሆነው ኮድ) ባልሆኑት የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው፣ እነሱ አማርኛውን የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛ ፊደሎች ቦታ ላይ ስለሆነ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ እንደዛ ይታያል፣ ስክሪኑ ላይም እዩት ያው ነው። ፎንቱ ያለበት ዊንዶውስ ላይ ከፍታችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩላቸው፣ ፒዲኤፉ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል። የተገፋው ደብዳቤ ዩኒኮድ ነው፣ ምናልባት በኒያላ ተጽፎ ማኩ ኒያላ ስለሌለው በራሱ ከፋ በሚባለው ፎንት ተክቶት ነው፣ ስፋታቸው ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል።

አዲሱ ዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ ላይም ኒያላ ላይኖር ይችላል፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ "ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ" የሚለውን ጨምሩላት። ለወደፊት የቢሮውን ደብዳቤ ሁሉ ማክም ኡቡንቱም ዊንዶውስም ላይ በነጻ በሚጫን አንድ ፎንት፣ አቢሲኒካ ወይ ኖቶ፣ ብታደርጉት ይሻላል፣ ፊርማና ማህተም ያለበትን ግን ሁሌ በፒዲኤፍ።