ትንሽ የጨው ውሃ አኳሪየም ለምትጀምሩ፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይቅር?

«ትንሽ የጨው ውሃ አኳሪየም ልጀምር አስቤያለሁ፤ ምን ልግዛ?» ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። መጀመሪያ ውሃው ላይ አውጡ፤ መስታወቱ ይደርሳል።

ብዙ ጊዜ የማየው ተቃራኒውን ነው። ሰው የሚያምረውን ገንዳ ከነመብራቱ ይገዛል። በዚያው ቀን ዓሣም ይዞ ይገባል። መለኪያና ንጹሕ ውሃ ላይ ሲደርስ ገንዘቡ አልቋል። በሦስተኛው ሳምንት ዓሣው ይሞትና ገንዳው ዕቃ ቤት ይገባል። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል፤ ሊቀር የሚችል ሞት ነውና።

ከመጠኑ ልነሳ። ትንሽ ገንዳ ቀላል ይመስላል፤ እንደውም የሚከብደው እሱ ነው። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ የቀረው ውሃ ጨው ይበዛበታል። የባሕር ውሃ በኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ከ40 ሊትር ላይ 2 ሊትር ቢተን ጨዋማነቱ ወደ 37 ከፍ ይላል። ከ10 ሊትር ላይ ያው 2 ሊትር ቢተን ግን ወደ 44 ይጠጋል። የመጀመሪያውን ብዙ እንስሳ ይችለዋል፤ ሁለተኛው ገዳይ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠውን የ10 ሊትር ገንዳ ለጀማሪ አልመክርም። ከ40 ሊትር ጀምሩ፤ ቦታ ካላችሁ 80 ይሁን። ግን ማስቀመጫውን ቀድማችሁ አስቡ፤ 40 ሊትር የጨው ውሃ ብቻውን 41 ኪሎ ይመዝናል፤ ድንጋዩና አሸዋው ገና ነው።

ከጀርባው ማጣሪያና ማሞቂያ የሚደበቅበት ክፍል ያለው፣ ኦል ኢን ዋን የሚባለው ገንዳ ለጀማሪ ይመቻል። ከላዩ የመረብ ክዳን አድርጉለት። ትንንሽ ዓሦች ዘለው ይወጣሉ፤ ጠዋት ወለል ላይ ደርቀው ይገኛሉ።

አሁን ወደ ጨው። የገበታ ጨው አይሆንም፤ ካልሲየሙም ማግኒዚየሙም ፖታሲየሙም የለውም። ለአኳሪየም ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ለጀማሪ የምጠቁመው ኢንስታንት ኦሽን የሚባለውን ወይም ሬድ ሲ የተባለው ኩባንያ የሚሸጠውን ሰማያዊ ባልዲ ነው። የሬድ ሲ ጥቁር ባልዲ፣ ማለትም ኮራል ፕሮ፣ «ፕሮ» ስለተባለ ይሻላል ብላችሁ አትውሰዱት። እሱ አልካላይኒቲው፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔት መጠን፣ ሆን ተብሎ ወደ 12 ዲኬኤች (መለኪያው ነው) ከፍ ተደርጎ፣ ድንጋያማ አጽም በፍጥነት ለሚሠሩ ኮራሎች (ተጣብቀው ለሚኖሩ የባሕር እንስሳት) የተዘጋጀ ነው። የባሕር ውሃ 7 አካባቢ ነው። ጥቂት ለስላሳ ኮራል ብቻ ላለው ገንዳ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ውሃ በቀየራችሁ ቁጥር ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ሪፍ ክሪስታልስ የሚባለው ጨውም ጥሩ ነው፤ የምትበጠብጡበት ባልዲ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ቢተው አትደንግጡ። ከሁሉም በላይ አንዱን ምረጡና እሱኑ ያዙ። ጨው ሁልጊዜ በባልዲ፣ በትንሽ ፓምፕ እየተማሰለ ይሟሟ። እንስሳ ያለበት ገንዳ ውስጥ በቀጥታ አይጨመርም።

ጨው የሚበጠበጥበት ውሃስ? የቧንቧ ውሃ ክሎሪን፣ ፎስፌት፣ አንዳንዴም ከቱቦው መዳብ ይዞ ይመጣል። ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ መዳብ በጥቂቱም መርዝ ነው። የታሸገ የማዕድን ውሃም አይሆንም፤ የራሱ ማዕድናት አሉት። የሚፈለገው አርኦ ዲአይ በሚባለው ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ወይም ተንኖ የተጣራ፣ ዲስቲልድ የሚባለው ውሃ ነው። ማጣሪያውን ራሱን መግዛት አለባችሁ? ለ40 ሊትር ገንዳ የግድ አይደለም። በሳምንት 10 በመቶ ብትቀይሩ 4 ሊትር ነው፤ የተነነውን ለመተካት ጥቂት ሊትር ይጨመርበታል። ከሚሸጥ ሰው መቅዳት ያዋጣል። ብቻ ቲዲኤስ መለኪያ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን የሚያሳይ፣ ይኑራችሁ፤ ውሃው ላይ 0 ወይም ለ0 የቀረበ ካላሳየ አትውሰዱት። ገንዳው ካደገ ወይም ሻጩ ሩቅ ከሆነ ያኔ ማጣሪያ ግዙ።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱትን ልንገራችሁ። የተነነ ውሃ የሚተካው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። በጨው ውሃ ከተካችሁት ጨዋማነቱ በየቀኑ ይወጣል። በየቀኑ መሙላት የማይመቻችሁ ከሆነ ኤቲኦ የሚባለው ራሱ የሚሞላ መሣሪያ ከመብራት ማሻሻያ በፊት ይገዛ።

ለጨዋማነት ሁለት ምርጫ አለ፦ መርፌው ተንሳፍፎ የሚያሳየው ሃይድሮሜትር እና ጠብታ ውሃ ተደርጎበት በዓይን የሚታየው ሪፍራክቶሜትር። ሃይድሮሜትሩ ርካሽ ነው፤ እኔም የጀመርኩት በእሱ ነበር። መርፌው ላይ የአየር አረፋ ተለጥፎ ከፍ አድርጎት 1.025 (የውሃው ክብደት ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር) ሲለኝ፣ እውነተኛው 1.021 ሆኖ አገኘሁት። ቀንድ አውጣዎቼ ለምን እንደማይንቀሳቀሱ የገባኝ ያኔ ነው። ሪፍራክቶሜትር ግዙ። ማስተካከያውን ጨው በሌለው ውሃ ብቻ አትተዉት፤ ጨዋማነቱ 35 ተብሎ የተዘጋጀውን ፈሳሽ አብራችሁ ውሰዱና በየጊዜው አረጋግጡት።

ማሞቂያ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ማሞቂያ ሲበላሽ አንዳንዴ ሳይጠፋ ይቀርና ውሃውን ከልክ በላይ ያሞቀዋል። ለ40 ሊትር 50 ዋት ይበቃል፤ ተለቅ ያለ ከገዛችሁ ሲበላሽም ቶሎ ይገድላል። ሙቀቱ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ጨምሩበት፤ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ላይ አስተካክሉት። በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመር በዚህ መጠን አያስፈልግም፤ በየሳምንቱ ውሃ መቀየሩ ይተካዋል።

ድንጋዩ ደረቅ ይሁን ወይስ ላይቭ ሮክ? ላይቭ ሮክ ማለት ሕያው ነገር ያለበት ድንጋይ ነው፤ የዓሣ ቆሻሻን መርዝ የሚያጠፋውን ባክቴሪያ ይዞ ስለሚመጣ ገንዳው ቶሎ ይቋቋማል። ግን አይፕታሲያ የሚባል ትንሽ ቡናማ አኔሞን (የኮራል ዘመድ የሆነ እንስሳ) ተደብቆ አብሮ ሊገባ ይችላል፤ ስትቆርጡት ከቁራጩ እንደገና ይበቅላል። በትንሽ ገንዳ ውስጥ ይህ ራስ ምታት ነው። እኔ አብዛኛውን ደረቅ አድርጌ፣ ከማምነው ሰው ገንዳ ትንሽ ቁራጭ ላይቭ ሮክ እጨምራለሁ። የጠርሙስ ባክቴሪያም ይረዳል። ፍሪትዝ ተርቦስታርት የምትገዙ ከሆነ ቁጥሩን እዩ፦ 900 ለጨው ውሃ ነው፤ 700 ጨው ለሌለው። ያም ሆኖ ለዓሣ መርዝ የሆኑት አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም 0 እስኪሆኑ ዓሣ አይግባ። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ባዶ ገንዳ ማየት ይሰለቻል፤ ግን ታገሱ።

ዓሣ ላይ ደግሞ ልባችሁን ያዙ። ሰማያዊው ታንግ ያምራል፤ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያድጋል። ማንዳሪን የምትባለው በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ስለምትበላ ትንሽ ገንዳ ውስጥ በረሃብ ትሞታለች። ለ40 ሊትር ኒዮን ጎቢን እመክራለሁ። 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናት፣ በሰው እጅ ትረባለች፣ ጠባይዋም ጥሩ ነው። ክላውንፊሽ ለምትፈልጉ፣ በሰው እጅ የተራባ ኦሴላሪስ ይሁን፤ ገንዳውም ወደ 80 ሊትር ይጠጋ። ለጽዳት ትሮከስ ቀንድ አውጣ ምረጡ፤ ቢገለበጥ ራሱ ይነሳል።

ኮራል ስትጨምሩ በእንጉዳይ ኮራል ጀምሩ። ዞአንቲድ የሚባለው የኮራል ዓይነትም ለጀማሪ ይሆናል፤ ግን አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ እነሱ ያሉበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ፣ በሙቅ ውሃም አታጥቡ፤ እንፋሎቱ ሰው ሆስፒታል ያስገባል።

ሱቅ ስታማርጡ ከዋጋው በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ዓሣው የተቀመጠበት ውሃ መዳብ አለበት? ካለበት ውሃውን ወደ ገንዳችሁ አታፍስሱ፤ ዓሣውን ብቻ አሻግሩ። ዓሣው ምግብ ይወስዳል? ሻጩ ፊታችሁ ይመግበው። ካልበላ እዚያው ተዉት፤ በሳምንቱ ተመለሱና እንደገና እዩት።