ያንኪስ በሶቶ ልውውጥ ተሸወዱ ማለት ይቻላል?

ፌንዌይ_ጥግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቤዝቦሉ ቦስተን ሬድ ሶክስ፣ የኒው ዮርክ ያንኪስ ባላንጣ፣ ደጋፊ ነኝ፤ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

ያንኪስ በዲሴምበር 2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) መቺዎቹን ኋን ሶቶንና ትሬንት ግሪሻምን ከሳንዲያጎ ፓድሬስ ሲወስዱ አምስት ሰው ሰጡ፦ ማይክል ኪንግ፣ ድሩ ቶርፕ፣ ጆኒ ብሪቶ፣ ራንዲ ቫስኬዝ፣ አራቱም ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች)፤ አምስተኛው ካቸሩ (ከመቺው ጀርባ ኳስ የሚይዘው) ካይል ሂጋሺዮካ። ሶቶ ፍሪ ኤጀንት (ውሉ አልቆ ከፈለገው ክለብ ጋር የሚፈርም) ለመሆን የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ያንን ዓመት ተጫወተ፣ ዎርልድ ሲሪስ (የሊጉ ፍጻሜ) ላይ በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ 4 ለ 1 ተሸነፉ፣ ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ እዚያው ከተማ ውስጥ ወደ ሜትስ ተሻገረ፤ 15 ዓመት፣ 765 ሚሊዮን ዶላር። ኪንግ ደግሞ በፓድሬስ ማሊያ 2.95 ኢአርኤ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ የሚቆጠርበት ነጥብ አማካይ፤ ሲያንስ ይሻላል) ይዞ 2024ን ጨረሰ።

ለእኔ ተሸውደዋል። ግን «ሰውየው ሄደ፣ ስለዚህ ከሰሩ» ብቻውን ክርክር እንደማይሆን አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ልውውጥ በምን ትመዝኑታላችሁ? ለአንድ ዓመት ሶቶ ተገቢው ዋጋ ስንት ነበር? ሲሄድ በካሳ ያገኙት የድራፍት (የአዳዲስ ተጫዋቾች ምልመላ) ምርጫስ ጉድጓዱን ይሞላል?

ቁጥር_ቆጣሪ፦

መጀመሪያ መጨረሻውን እርሳው። ልውውጥ የሚመዘነው በተስማሙበት ቀን ጠረጴዛው ላይ በነበረው ነገር ነው። በ2022 የያኔው ክለቡ ዋሽንግተን ናሽናልስ ያቀረቡለትን የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አልፈልግም ያለ፣ ወኪሉም ስኮት ቦራስ የሆነ ተጫዋች ገበያ ሳይወጣ ይፈርማል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ያንኪስ የገዙት የሶቶን 2024 ነው፤ ሒሳቡንም በዚያ ልክ ነው የከፈሉት።

የዚህ ዓይነት ተጫዋች ዋጋ ክለቡ እጅ ላይ በሚቆይበት ጊዜ ልክ ይቀልጣል። ያው ሶቶ በኦገስት 2022 ከናሽናልስ ወደ ፓድሬስ ሲሄድ የዚያ ዓመት ማብቂያና ሁለት ሙሉ ዓመት ይቀረው ነበር፤ ሦስት ፖስትሲዝን (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ ዙር) ማለት ነው። ፓድሬስ ለእሱና አብሮት ለመጣው ጆሽ ቤል ሲጄ ኤብራምስን፣ ማክኬንዚ ጎርን፣ ጄምስ ዉድን፣ ሮበርት ሃሰልን፣ ሃርሊን ሱሳናን፣ ላዩ ላይ ሉክ ቮይትን ሰጡ። ኤብራምስ በ2024፣ ዉድና ጎር በ2025 ኦልስታር (የዓመቱ ምርጦች ቡድን አባል) ሆኑ። ከ16 ወር በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ሲቀረው ያንኪስ ከሰጧቸው አምስቱ መካከል በዚያ ደረጃ ስሙ የሚጠራ ፕሮስፔክት (ተስፋ የተጣለበት ወጣት) የለም፤ ቢጠጋ ቶርፕ ነው።

አንድ በአንድ ስታያቸው፦ ኪንግ ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር፣ የ2024 ደሞዙ 3.15 ሚሊዮን። ዋናው ዋጋ እሱ ነው። ቶርፕ በ2023 በማይነር ሊግ (ከዋናው ሥር ባለው ማሳደጊያ ሊግ) 14 አሸንፎ 2 ተሸንፏል፣ 182 ስትራይክ አውት (መቺን ሦስት ጊዜ አስቶ ማስወጣት)፣ 2.52 ኢአርኤ፤ ግን ያኔ በትልቁ ሊግ አንዲት ኳስ አልወረወረም ነበር። ብሪቶና ቫስኬዝ ገና በ2023 የጀመሩ፣ ለብዙ ዓመት በርካሽ የሚቆዩ፣ የሮቴሽን (ጨዋታ በተራ የሚጀምሩት ፒቸሮች) ጭራ ላይ የሚቀመጡ ነበሩ። ሂጋሺዮካ አንድ ዓመት የቀረው ተጠባባቂ ካቸር።

ብዛታቸውም አያታልልህ። ከአምስቱ አራቱ ከያንኪስ የ40 ሰው ሮስተር (የተመዘገቡ ተጫዋቾች ዝርዝር) የወጡ ናቸው፤ የገቡት ሁለት። ክረምት ላይ ባዶ የሮስተር ቦታ ራሱ ገንዘብ ነው።

እንዲህ ያለ ስሌት የሚበላሽ ከሆነ በአብዛኛው ክንድ ላይ ነው። ቶርፕ በ2025 ክርኑን ቀዶ ጥገና አድርጎ ዓመቱን አጥቷል። አራት ፒቸር የሚሰጥ ክለብ አደጋውንም አብሮ ያስተላልፋል፤ ይህን የሚያነሳ ሰው ግን አይገኝም።

ብሮንክስ_161፦

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። የእናንተን ድስት በኋላ እመጣበታለሁ።

2023ን አስታውሱ። 82 አሸንፈን 80 ተሸነፍን፣ የቡድኑ የመምታት አማካይ .227። ዋናው መቺያችን አሮን ጀጅ ሎስ አንጀለስ ላይ ከግድግዳ ተጋጭቶ የእግር ጣቱ ሲጎዳ አሰላለፉ ውስጥ ፒቸር የሚፈራው ሰው አልቀረም። ሌፍት ፊልድማ (የሜዳው ግራ ጥግ) እገሌ ነው የሚባል ባለቤት አልነበረውም።

2024 ላይ ሶቶ ሁለተኛ ይመታል፣ ጀጅ ሦስተኛ። ሶቶ .288 መታ፣ 41 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት)፣ 129 ዎክ (ሳይመታ በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ማረፊያ፣ መሄድ)፣ ኦን ቤዙ (ቤዝ የደረሰበት መጠን) .419፣ 128 ራን (ነጥብ) አስቆጠረ። ትርጉሙን በጀጅ በኩል ነው ማየት ያለባችሁ፤ 58 ሆም ራንና 144 አርቢአይ (በምቱ ያስገባው ነጥብ) የሚገኘው ከፊትህ ያለው ሰው በአሥር ጊዜ አራቴ ቤዝ ላይ ሲቆም ነው። ፒቸሩም ለሶቶ ስድስትና ሰባት ኳስ አባክኖ፣ ልቡ ወልቆ ነው ጀጅ ጋ የሚደርሰው።

ለማስረጃ ክሊቭላንድ ላይ የተደረገውን የኤኤልሲኤስ (የአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ) አምስተኛ ጨዋታ እዩ። አሥረኛ ኢኒንግ (ዙር)፣ 2 ለ 2፣ ሁለት አውት (ሦስተኛው ተራችንን ይዘጋል)፣ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ። የክሊቭላንዱ ፒቸር ሀንተር ጋዲስ በተንሸራታችና በዝግ ያሉ ኳሶች ሊያስተው ሞከረ፤ ሶቶ እየነካ እየነካ ፋውል (ከመስመር ውጪ) አደረጋቸው፣ በየመሃሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ይቺን ነው የምጠብቀው» እንደሚል ሰው። ሰባተኛዋ ፋስትቦል (ፈጣን ኳስ) ሆና መጣች፤ ሆም ራን። 5 ለ 2። ከ2009 ወዲህ የመጀመሪያው ፔናንት (የአሜሪካን ሊግ ዋንጫ)። ኪንግን አምስተኛ ቀን እየጠበቀ የሚወረውር አድርገን ብናስቀረው ኖሮ ይህን አናይም።

አሁን ወደ እናንተ ድስት። በ2020 ሙኪ ቤትስንና ዴቪድ ፕራይስን ሰጥታችሁ ቨርዱጎን፣ ኮነር ዎንግንና ጄተር ዳውንስን ተቀበላችሁ። ዳውንስ ለቦስተን 14 ጨዋታ ተጫወተ። ቤትስም እንደ ሶቶ አንድ ዓመት ነበር የቀረው፤ ልዩነቱ ዶጀርስ ወዲያው በረጅም ውል አሠሩት።

ፔትኮ_ማማ፦

ከሳንዲያጎ በኩል ላስገባ፣ ምክንያቱም ክርክሩ ሁሌም ሁለቱ ከተሞች መሃል ብቻ ይቀራል።

ፓድሬስ ሶቶን የሸጡት ስለጠሉት አይደለም። በሜይ 2023 ጨዋታቸውን የሚያስተላልፈው የቴሌቪዥን ኩባንያ ክፍያ አቁሞ ወጣ፣ ስርጭቱን ሊጉ ራሱ ተረከበው። በኖቬምበር ባለቤቱ ፒተር ሳይድለር አረፉ። ደሞዝ መቀነስ ግዴታ ሆነ፣ ሶቶ ደግሞ ለ2024 ብቻ 31 ሚሊዮን ሊከፈለው ነው። በዚያው ክረምት ፒቸሮቹ ብሌክ ስኔል፣ ሴት ሉጎ፣ ማይክል ዋካና ኒክ ማርቲኔዝ ፍሪ ኤጀንት ሆነው ሄዱ። ከሮቴሽኑ ዳርቪሽና መስግሮቭ ብቻ ቀሩ። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ፕሬለር አንድ ትልቅ ስም ከመቀበል ይልቅ አራት ፒቸር የጠየቀው ለዚህ ነው፤ ዝርዝሩን ያየ ሰው የጎደለውን ቀዳዳ ቅርጽ ያያል።

ኪንግ ላይ የተደረገውን ልብ በሉ። በ2023 በ49 ጨዋታ ገብቶ የጀመረው ዘጠኙን ብቻ ነው፤ 104 ኢኒንግ ከ2/3። ሪሊቨርን (መሃል ላይ የሚገባ ፒቸር) ስታርተር (ጨዋታ የሚጀምር) ማድረግ የሚሳካው ከተቃራኒ እጅ መቺ ጋር ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ሲገናኝ የሚሰጠው ኳስ ካለው ነው። ኪንግ ቀኝ እጅ ነው፤ ሲንከሩና (ወደ ታች የሚሰምጥ ኳስ) ሰፊው ስዊፐር (ወደ ጎን የሚጠመዘዝ) ቀኝ መቺዎችን ያሽመደምዳል፣ ለግራዎቹ ግን ቼንጃፑ (ዝግ ያለ ኳስ) ባይኖር ኖሮ አራተኛ ኢኒንግ ላይ ይቆም ነበር። የ2024 መጀመሪያ ሳምንታት ዎክ በዝቶበት ነበር፣ ከዚያ ዞኑን (ኳሱ ማለፍ ያለበትን ቦታ) አገኘ። 173 ኢኒንግ ከ2/3፣ 201 ስትራይክ አውት፣ 13 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ኦክቶበር 1 ብሬቭስ ላይ ሰባት ኢኒንግ ያለ አንድ ራን፣ 12 ስትራይክ አውት፣ ዜሮ ዎክ።

ክፉው ጎን፦ በአንድ ዓመት 69 ኢኒንግ መጨመር ነጻ አይደለም። በ2025 ትከሻው ላይ የነርቭ ችግር ገጥሞት 15 ጨዋታ ብቻ ጀመረ። ሁለቱ የሚዛመዱ ናቸው ብዬ አልምልም፣ ግን እንዲህ ያለውን ጭማሪ ያየ ክለብ ለሁለተኛው ዓመት ትርፍ ስታርተር ማዘጋጀት አለበት።

ቶርፕ ሳንዲያጎ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በማርች 2024 ከሃይሮ ኢሪያርቴ፣ ሳሙኤል ሳቫላና ስቲቨን ዊልሰን ጋር ወደ ዋይት ሶክስ ሄዶ ዲላን ሲስን አመጣ። ሲስ በዚያው ዓመት 224 ስትራይክ አውት አስመዘገበ፣ ጁላይ 25 ዋሽንግተን ላይ ኖ ሂተር (ተጋጣሚው አንድም ሂት ያላገኘበት ጨዋታ) ወረወረ። ሂጋሺዮካ ተጠባባቂ ነው ተብሎ መጥቶ 17 ሆም ራን መታ። ፓድሬስ 93 አሸነፉ። ሶቶን ሸጦ የተሻለ ቡድን መሆን ይቻላል ማለት ነው፤ ይህ ግን ያንኪስ ከሰሩ ማለት አይደለም።

ፌንዌይ_ጥግ፦

@ብሮንክስ_161 ስለ ቤትስ መልስ የለኝም። በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ታውቅበታለህ።

ግን ገንዘቡን ማንም አልነካም። ያንኪስ የቅንጦት ታክስ (የክለቡ ደሞዝ ከጣሪያ ሲያልፍ የሚከፈል) ከፋዮች ናቸው፤ 31 ሚሊዮን ደሞዝ ለእነሱ 31 ሚሊዮን አይደለም። የድራፍት ካሳውም አልተመለሰልኝም።

ቁጥር_ቆጣሪ፦

ጥሩ ጥያቄ፣ በወረቀት እንሥራው። የ2024 መነሻ ጣሪያ 237 ሚሊዮን ነበር፣ ከዚያ በየ20 ሚሊዮኑ ደረጃ አለ፦ 257፣ 277፣ 297። ያንኪስ በተከታታይ ሦስተኛ ዓመት ስላለፉ መነሻ ታክሳቸው 50 በመቶ ነው። ከ257 በላይ 12 በመቶ ይጨመራል። ከ277 በላይ ያለው ጭማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ላለፈ 42.5 ነው፣ ለእነሱ ግን በተከታታይ ሁለተኛቸው ስለሆነ 45። ከ297 በላይ 60 ይሆናል። ስለዚህ ጫፍ ላይ ያለው እያንዳንዱ ዶላር 1.10 ዶላር ታክስ ይጎትታል።

ለታክስ የሚቆጠረው ደሞዛቸው ወደ 316.2 ሚሊዮን ነበር፣ የከፈሉት ታክስ 62.5 ሚሊዮን። የሶቶን 31 አውጣና 285.2 ይቀራል። ከ297 በላይ የነበረው 19.2 ሚሊዮን በ1.10 ሲባዛ 21.1፤ ከሥሩ ያለው 11.8 ሚሊዮን በ0.95 ሲባዛ 11.2። ድምሩ 32.3 ሚሊዮን። ከደሞዙ ጋር ሶቶ ለአንድ ዓመት 63.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አማካይ የታክስ መጠን በመውሰድ ነው፤ መቁጠር ያለበት ከላይ የሚቆረጠው ነው።

አሁን ለክርክርህ ጥቂት ማገዶ አገኘህ። አምስት ተጫዋችና 63 ሚሊዮን፣ ለአንድ ዓመት።

ካሳው ደግሞ ደካማ ነው። ያንኪስ የ21.05 ሚሊዮን ኳሊፋይንግ ኦፈር (ካሳ የሚያስገኝ የአንድ ዓመት ውል) አቀረቡለት፣ አልተቀበለም፤ ሜትስ ሲያስፈርሙት ታክስ ከፋይ ክለብ የሚያገኘው ምርጫ ከአራተኛው ዙር በኋላ ነው። ታክስ ባይከፍሉ ከፍ ያለ ቦታ ያገኙ ነበር። ቢሆንም የክረምት ልውውጥ ከጁላይ የሚሻልበት አንዱ ነጥብ እዚህ ነው፦ ኳሊፋይንግ ኦፈር የሚቀርበው ዓመቱን ሙሉ ክለቡ ጋ ለነበረ ብቻ ነው። ጁላይ ላይ የተገዛ ሶቶ ሲሄድ ያቺን የአራተኛ ዙር ፍርፋሪ እንኳ አይተውም።

የእኔ ፍርድ፦ ዋጋው ተገቢ ነበር፣ ትንሽ ወደ ፓድሬስ ያጋደለ። ሽወዳ አይባልም።

ብሮንክስ_161፦

ግሪሻምን ረሳችሁት። በ2024 አግዳሚ ላይ ተቀምጦ .190 መታ፣ ሁሉም 5.5 ሚሊዮን በከንቱ አለ። 2025 ላይ 34 ሆም ራን። ያኔ እንደ ምርቃት የተጨመረ ሰው ነበር። ለሶቶ ያልወጣው ገንዘብም ማክስ ፍሪድን በ8 ዓመት 218 ሚሊዮን አመጣ፣ ቤሊንጀርንም ከከብስ በልውውጥ አገኘን። ያለ ሶቶ እንደገና 94 አሸነፍን፣ ዋይልድ ካርዱ (የፖስትሲዝኑ የመጀመሪያ ዙር) ላይ ማንን እንዳስወጣን ራስህ ታውቃለህ።

ፌንዌይ_ጥግ፦

አውቃለሁ። እሺ፣ «ተሸወዱ» የሚለውን አነሳለሁ፤ ውድ ከፈሉ ብዬ አስተካክለዋለሁ።

አንዲት ነገር ግን አልመልስም። ሶቶን በወሰዳችሁበት በዚያው ሳምንት ከእኛ ቨርዱጎን ወሰዳችሁ፣ ሪቻርድ ፊትስን፣ ግሬግ ዋይሰርትንና ኒኮላስ ጁዲስን ሰጥታችሁ። ሌፍት ፊልዱን ሰጣችሁት፣ .233 መታ። የ2024 ዎርልድ ሲሪስ የመጨረሻዋን ኳስ ዱላውን ወዝውዞ የሳታት ማን ነበር? የወረወረውስ የዶጀርሱ ዎከር ቢዩለር፣ በቀጣዩ ክረምት እኛ ጋ አይደል የፈረመው?

ብሮንክስ_161፦

ይቺን ውሰዳት።