ገና ያልፈረመ የኮሌጅ ሆኪ ተጫዋች በልውውጥ ስንት ያወጣል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ፋንታሲ ሆኪ (በእውነተኛ ተጫዋቾች የምናብ ቡድን የሚመራበት ጨዋታ) እንጫወታለን፣ ደንባችን የሰሜን አሜሪካውን ሊግ የኤንኤችኤልን ይከተላል። አንዱ ልጅ በድራፍት (ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት) በ3ኛ ዙር የተመረጠ ተከላካይ ሊሰጠኝ ይፈልጋል። ተጫዋቹ ኮሌጅ 3ኛ ዓመቱን ጨርሷል፣ በጣም ጎበዝ ነው፣ ግን እስካሁን አልፈረመም። ሳይፈርም ነፃ ከወጣ እኛም እናጣዋለን። በምትኩ የ2ኛ ዙር ምርጫዬን ጠይቆኛል። ይበዛል?

ዳዊት፦ መጀመሪያ ፈራሚ መሆኑን አጣራ። ክለብ በድራፍት የሚያገኘው የማስፈረም መብት ብቻ ነው፣ እሱም ጊዜው ያልፋል። ጂሚ ቪሲን የናሽቪል ክለብ በ2012 በ3ኛ ዙር መረጠው፤ ልጁ ሃርቫርድ 4 ዓመት ተጫውቶ በ2016 የኮሌጅ ሆኪ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የሆቤ ቤከር ሽልማት ወሰደና ለናሽቪል አልፈርምም አለ። ቡፋሎ መብቱን በአንድ 3ኛ ዙር ምርጫ ገዛ። ኦገስት 15 ላይ ነፃ ሆነና ኒውዮርክ ሬንጀርስ ገባ። ቡፋሎ ምንም አላገኘም። የኮሌጁ ምርጥ ተጫዋች ዋጋው ያ ብቻ ነበር!

ሳሚ ዲሲ፦ ዳዊት ልክ ነው፣ ግን አዳም ፎክስን አትርሱ። የእሱ ጉዳይ ካንተ ጋር በጣም ይቀራረባል፦ ተከላካይ፣ 3ኛ ዙር፣ ሃርቫርድ 3 ዓመት። ሬንጀርስ በ2019 ለካሮላይና አንድ 2ኛ ዙርና ሌላ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ምርጫ ሰጥቶ ወሰደው። በ2021 የሊጉን የምርጥ ተከላካይ ሽልማት ኖሪስን አሸነፈ። ልጁ የኒውዮርክ ሰው ስለሆነ እዚያ መፈረሙ አያሳስብም ነበር።

ሄለን፦ የክለቡ መብት እስኪያልፍ ገና ጊዜ ካለ ዋጋው ሌላ ነው። ከተር ጎቲዬ በ2022 5ኛ ሆኖ የተመረጠ ነው፣ ለፊላደልፊያ አልፈርምም ሲል ገና ቦስተን ኮሌጅ 2ኛ ዓመቱ ነበር። አናሃይም በጃንዋሪ 2024 ተከላካዩን ጄሚ ድራይስዴልንና የ2ኛ ዙር ምርጫ ከፍሎ ወሰደው። ደግሞ 1ኛ ዙር ተመራጭ ሳይፈርም ቢሄድ ክለቡ ካሳ ያገኛል፤ ቺካጎ ኬቪን ሄይስን በ2014 ሲያጣ 2ኛ ዙር ምርጫ ተሰጥቶታል። ያንተ ሰውዬ ግን የያዘው የ3ኛ ዙር ልጅ ነው፣ ካመለጠው ካመለጠው ነው። ስለዚህ ተከራከረው።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። ልጁ የት መፈረም እንደሚፈልግ እስካሁን አልተናገረም፣ ምን ልበለው?

ሳሚ ዲሲ፦ ሊጋችሁ ከፈቀደ 3ኛ ዙር ስጠው፣ ልጁ ከፈረመ ብቻ ወደ 2ኛ ከፍ ይበል። እምቢ ካለ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ጠብቀው፣ የሚቸኩለው እሱ ነው።