ብቻዬን በእግር ከሳሪያ እስከ ሳንቲያጎ፦ ምን ልዘጋጅ?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በስፔን ያለውን የቅዱስ ያዕቆብ መንገድ የመጨረሻ ክፍል፣ ከሳሪያ እስከ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ 115 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ብቻዬን ልሄድ አስቤያለሁ። ዋናው ዓላማዬ ጸሎት ነው። በቀን ስንት ልጓዝ? ቦርሳው ምን ያህል ይክበድ? ብቻዋን የምትሄድ ሴት ምን ትጠንቀቅ? ጸሎቱንስ ከድካሙ ጋር እንዴት ላስማማው?

ዛጎል፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይምራሽ። የተለመደው አምስት ቀን ነው፤ እስከ ፖርቶማሪን 22፣ እስከ ፓላስ ደ ሬይ 25፣ እስከ አርዙዋ 29፣ እስከ ፔድሮውዞ 19፣ እስከ ሳንቲያጎ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰው የሚጎዳው ሦስተኛው ቀን ላይ ነው፤ ርቀቱ የሚረዝመው እግር በዛለ ጊዜ ነውና። በመካከል ባለችው መሊዴ ላይ አድረሽ ለሁለት ክፈይው፤ ስድስት ቀን ይሁን።

ቦርሳው ከክብደትሽ አንድ አሥረኛ አይለፍ። 60 ኪሎ ከሆንሽ 6 ኪሎ፣ ውሃውም ተቆጥሮ። መጀመሪያ የወገቡን ቀበቶ ዳሌሽ ላይ እሰሪ፣ ከዚያ የትከሻውን ማንገቻ አጥብቂ፤ ተገላቢጦሽ ካደረግሽው ሸክሙ ሁሉ ትከሻ ላይ ይቀራል። መንገዱ የሚያልፍባት ገሊሲያ የምትባለው የስፔን ክፍል ዝናብ አያጣትም፣ የዝናብ ልብስ ከላይ ይቀመጥ።

እግር ውሃ የሚቋጥረው እርጥበት፣ ሙቀትና መፋተግ ሲገናኙ ነው። አዲስ ጫማ አድርገሽ አትሂጂ። እግር በጉዞ ስለሚያብጥ ጣትሽ ጫፉን የማይነካ ይሁን። በየሁለት ሰዓቱ አውልቀሽ አናፍሺው፣ ካልሲ ቀይሪ። ማቃጠል ሲጀምርሽ እዚያው ቆመሽ ፕላስተር ለጥፊ፤ «እስከሚቀጥለው መንደር ልታገሥ» ማለት ነው የሚያበላሸው።

ቢጫ ቀስት፦
ስለ ማኅተሙ ልጨምር። በየደረሽበት ማኅተም የሚመታበትን የተሳላሚ ደብተር ሳትይዢ አትነሺ። ሳንቲያጎ ላይ የተሳላሚነት ምስክር ወረቀት ለመቀበል በእግር ለሚሄድ ቢያንስ የመጨረሻው 100 ኪሎ ሜትር፣ በብስክሌት ደግሞ 200 ይጠየቃል። ብዙዎች ማደሪያቸው ላይ ብቻ ያስመቱና በቀን አንድ ይሆንባቸዋል፤ ሁለት ነው የሚያስፈልገው። ሁለተኛውን መንገድ ላይ ካለ ቤተ ክርስቲያን ወይም ካፌ አስመቺ።

ጎሕ ሳይቀድ አትውጪ፤ ጫካ ውስጥ መንገዱን የሚያመለክተው ቢጫ ቀስት በጨለማ አይታይም። ለረጅም ጊዜ ቀስት ካላየሽ ወደፊት አትግፊ፣ መጨረሻ ወዳየሽው ተመለሺ። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። የስፔን ፖሊስ አለርትኮፕስ የሚባል እርዳታ መጥሪያ የስልክ መተግበሪያ አለው፤ ከመነሣትሽ በፊት ጫኚው። ማታ የት እንደምታድሪ ለአንድ ሰው በየቀኑ አሳውቂ። በእግዚአብሔር መታመን ይህን አያስቀርም።

መንገደኛዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉልበት ለሚያመው ሰውስ?

ዛጎል፦
ወደ ፖርቶማሪን የሚወስደው ቁልቁለት ከባድ ነው። ሁለት ምርኩዝ ያዢ፣ ቁልቁለት ላይ ትንሽ አርዝሚያቸው፣ እርምጃሽን አሳጥሪ። ቦርሳ ወደሚቀጥለው ማደሪያ የሚያደርሱ አሉ፤ ሸክሙን መላክ ስለትን አያጎድልም።

ወልደ ያሬድ፦
ጸሎቱን በተመለከተ፣ እህታችን፣ ይህ ክፍል ከመንገዱ ሁሉ ሰው የሚበዛበት ነው። የሚያስቸግርሽ ብቸኝነት ሳይሆን ብቻ መሆን አለመቻል ነው። ሰው ፍርሃቱን ለመሸሽ በመጀመሪያው ማታ ከቡድን ይጠጋል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወሬ ነው። በትሕትና አስቀድመሽ ተናገሪ፦ «ጠዋት ለብቻዬ ነው የምሄደው፣ ማታ እንገናኛለን።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ስልክሽን አጥፍተሽ ቦርሳው ሥር ክተቺው። ከዳዊት ከ119 እስከ 133 ያሉት አሥራ አምስቱ የመዓርግ መዝሙራት ለእንዲህ ያለ መንገድ የተስማሙ ናቸው፤ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ይደርሳል። ከመነሣትሽ በፊት አንብቢ፣ አንዱን ቁጥር ይዘሽ ውጪ። ዳገት ላይ ትንፋሽ ስለሚያጥር ረጅም ጸሎት አይሆንም፤ «አቤቱ ማረኝ» ከእርምጃ ጋር ይሄዳል። ገሊሲያ ውስጥ የቀረውን ኪሎ ሜትር የሚያሳዩ የድንጋይ ምልክቶች አሉ። የምትጸልዪላቸውን ሰዎች ስም ጽፈሽ ያዢ፤ ኪሎ ሜትሩ አንድ በቀነሰ ቁጥር አንድ ስም አንሺ።