ክርክር፦ የልጆች ደህንነት «እንጀራዋ ነው» ወይ?

የቧንቧ ውሃው መምህር፦
ትናንት ማታ ጋሼ ሐረጎ የጻፉትን አንብቤ በጣም አዘንኩ። ነገሩን ላልተከታተላችሁ፣ ስለ እንግሊዛዊቷ ቢባን ኪድሮን አጭር ጽሑፍ ለጥፌ ነበር። ፊልም አዘጋጅ ነበረች። አሁን በብሪታኒያ የላይኛው ምክር ቤት ተቀምጣ ልጆች ኢንተርኔት ላይ እንዳይጎዱ ትሟገታለች። ጋሼ የመለሱት በአንድ መስመር ነው፦ «የልጆች ደህንነት እንጀራዋ ነው። የእኛን ልጅ የምናሳድገው እኛ ነን።» ከሥሩ ስንቱ አጨበጨበ! ምን እንደሠራች ሳይጠየቅ እንዲህ መባሉ ልክ አይደለም።

ጋሼ ሐረጎ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። የጻፍኩትን ግን አላነሳም። ሰው ፊልም ሲሠራ ኖሮ፣ ማዕረግ ተሰጥቶት፣ ድርጅት አቋቁሞ፣ ስለ ልጆች ሲናገር ዕድሜውን ከገፋ እንጀራው ነው። ነውር ነው አላልኩም። እኔም ከደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ የምውለው ለእንጀራዬ ነው። ለምን ጀግና ተደርጋ እንደምትቀርብልን ነው ያልገባኝ።

የቧንቧ ውሃው መምህር፦
እሺ፣ ሥራዋን እንይ። ምክር ቤት የገባችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የማንም ፓርቲ ተወካይ ሆና አይደለም። በ2013 ስለ ወጣቶችና ስለ ኢንተርኔት ዘጋቢ ፊልም ሠራች፤ ልጆቹን ራሳቸውን አናገረች። ፋይቭ ራይትስ የሚባለው ድርጅቷም ከዚያ የመጣ ነው። በ2018 የብሪታኒያ የዳታ ጥበቃ ሕግ ሲወጣ ተሟግታ አንድ ማሻሻያ አስገባች። ልጆች የሚጠቀሙበት መተግበሪያ ሁሉ ለልጅ ዕድሜ በሚመጥን መንገድ ይሠራ የሚል ነው። ከዚያ 15 መስፈርት ያለው ደንብ ወጣ። በ2020 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኩባንያዎቹ እንዲዘጋጁ አንድ ዓመት ተሰጣቸው።

ቀነ ገደቡ ሲደርስ፣ በ2021፣ የሆነውን ተመልከቱ። ቲክቶክ ከ13 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ማሳወቂያ መላክ አቆመ። ዩቲዩብ ከ18 ዓመት በታች ላሉት አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይከፈት አደረገ። ኢንስታግራም ልጁ የማይከተለው ትልቅ ሰው ለልጁ መልእክት እንዳይልክ ዘጋ። ሁሉም የእሷ ሥራ ነው አልልም። ግን ሕጉ ባይመጣባቸው በዚያ ዓመት ይህን ሁሉ ያደርጉ ነበር ብሎ የሚያምን ካለ ይንገረኝ።

የፒያሳው ሞባይል ቤት፦
መምህር፣ ያሉት ሁሉ የቆመው ልደት ቀን ላይ ነው። እዚህ ከተማ ደግሞ አካውንት የሚከፈተው ሱቅ ውስጥ ነው። እናት ስልክ ገዝታ «ቲክቶክ ጫንለት» ትላለች። ባለሱቁ የልደት ዓመት ሲጠየቅ ጣቱ ያረፈበትን መርጦ ያልፋል። የ11 ዓመቱ ልጅ ለኩባንያው የ30 ዓመት ሰው ነው። ታዲያ ማታ አይላክም የተባለው ማሳወቂያ ለማን ነው የቆመው? ለሱ አይደለም። ለእንግሊዝ ልጅ የተሠራው አጥር እኛ ጋ ሳይደርስ ይፈርሳል።

ጋሼ ሐረጎ፦
ይኸው! እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ስልኩን ማን ገዛው? ወላጅ። ማን አስጫነው? ወላጅ። ለንደን ያለች ሴትዮ ለዚህ ምን ታደርግልኛለች?

የሸዋ በሯ እናት፦
ጋሼ፣ «ወላጅ» እያሉ በቀላሉ አይለፉት። እዚህ ሰፈር ወላጁ የት እንዳለ እርስዎም ያውቃሉ። እህቴ ጅዳ ናት። ልጇን የምታሳድገው እናታችን ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም። ስልኩን እህቴ ላከችለት፣ በኢሞ ፊቱን እንድታየው። ልጁ የእናቱን ድምፅ የሚሰማው በዚያ ስልክ ብቻ ነው። አሁን ልንገርዎት፦ እናቴ የልጁን ስልክ ከፍታ ምን ታይ? ምን ትቆጣጠር? ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ስንት ነው? ባቲስ? ሐይቅስ? ወላጅ ይቆጣጠር ማለት ወላጅ አጠገቡ ላለ ልጅ ነው። የኛ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ማንም ሳይቆጣጠርለት የማይጎዳ ስልክ ነው። ሴትዮዋ የምትለው ይህንን ከሆነ እኔ ከሷ ጋር ነኝ።

ኮምቦልቻ 04፦
እውነት ብለሻል እታለም። እኛም ጋ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የምትገባ እናት አለች። ጠዋት ስትመለስ ልጁ ትምህርት ቤት ሄዷል። መቼ ትቆጣጠር?

ጋሼ ሐረጎ፦
ልቤን ነካሽው፣ ወላሂ። ግን መልሱ እኮ እንግሊዝ አይደለም። ጎረቤት ነው። ድሮ ልጅን የመንደሩ ሰው ሁሉ ይቆጣ ነበር።

የሸዋ በሯ እናት፦
ጎረቤት የሚቆጣው ያየውን ነው። ልጁ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያየውን የትኛው ጎረቤት ያያል?

የሕግ ተማሪው፦
ልግባበት። ሕግ የለንም እንዳይባል፣ አለን። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 አካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ወሲባዊ ምስል የሚያዘጋጅን፣ የሚያሰራጭን ወይም የሚይዝን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፣ ቁጥር 1321/2016። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው አጠቃላይ ሐሳብ ቁጥር 25 ደግሞ የልጅ መብት ኢንተርኔት ላይም እንደሚሠራ ያብራራል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። አጠቃላይ ሐሳቡን በማርቀቁ ሥራ ኮሚቴውን ካገዙት አንዱ የሴትዮዋ ድርጅት ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ «ለንደን ያለች ሴትዮ» ብለው ሊያርቋት አይችሉም። ሥራዋ እኛ የፈረምነው ውል ማብራሪያ ውስጥ ገብቷል።

የፒያሳው ሞባይል ቤት፦
ወንድሜ፣ አዋጁ የሚሠራው ልጁ ከተጎዳ በኋላ ነው። ሴትዮዋ የምትለው እኮ ከመጎዳቱ በፊት ነው። እነዚህ ሁለቱ አይገናኙም።

የሆጤዋ አክስት፦
ከተጎዳ በኋላም ስለማየቱ ልንገራችሁ። የዘመዴ ልጅ ፎቶዋ ተቆርጦ ተቀጥሎ አንድ ቻናል ላይ ወጣ። ገና የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት። አንድ ቢሮ ሄድን፣ ወደ ሌላ ቢሮ ላከን። እዚያ ደግሞ «ማን እንደለጠፈው አምጡ» ተባልን። ልጅቷ ትምህርት አቆመች። ጋሼ፣ ያኔ ሥራው ይህ ብቻ የሆነ ሰው ፈልገን አጣን። እንጀራው ይሁን፣ ደሞዙ ይሁን፣ ግድ አልነበረንም። ነገሩን የሚያውቅ፣ ስልክ የሚያነሳ፣ ቻናሉን የሚያዘጋ አንድ ሰው ነበር የጠፋው።

ጋሼ ሐረጎ፦
ይህን አላውቅም ነበር። አላህ ያጽናችሁ። ልጅቷ ዛሬ እንዴት ናት?

የሆጤዋ አክስት፦
ደህና ናት ለማለት ገና ነው።

የቧንቧ ውሃው መምህር፦
እንግዲህ ጋሼ፣ «እንጀራዋ ነው» ያሉት ቃል አሁንም ይቆማል? እዚያው እንግሊዝ አንድ አባት አለ። የ14 ዓመት ልጁ እ.ኤ.አ. በ2017 ሕይወቷ አለፈ። በ2022 የሞት ምክንያት መርማሪው፣ ኢንተርኔት ላይ ስታየው የነበረው ነገር ለሞቷ አስተዋጽኦ አድርጓል ብሎ ወሰነ። አባትየው ከዚያ ወዲህ ሥራው ይኸው ሙግት ነው። እሱስ እንጀራው ነው?

ጋሼ ሐረጎ፦
እሱ ሌላ ነው። እሱ ሐዘኑ ነው። ልጁን የቀበረ ሰው ቢጮህ ማንም አይጠይቀውም።

የሸዋ በሯ እናት፦
ታዲያ ለመናገር መጀመሪያ መቅበር አለብን?

ጋሼ ሐረጎ፦
እንደዚያ አላልኩም። ቃሌን አታጣሚ። እኔ ያልኩት የተሾመ ሰውና የተጎዳ ሰው ይለያያል ነው። ምክር ቤት የምትገባበት አበል ይከፈላታል አይደል?

የሕግ ተማሪው፦
የላይኛው ምክር ቤት አብዛኛው አባል ደሞዝ የለውም። በተገኘበት ቀን አበል ይጠይቃል።

ጋሼ ሐረጎ፦
አበልም እንጀራ ነው። እዚህ አገር አበል ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ አለ? ሥልጠና ይባላል፣ ሆቴል ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አበል ተፈርሞ ይወጣል። «የልጆች ደህንነት» የሚል ባነር ስንት አዳራሽ ውስጥ አይተናል። ቁጣዬ የመጣው ከዚያ ነው።

የቧንቧ ውሃው መምህር፦
ቁጣዎ ይገባኛል። ግን የኛን አዳራሽ ዕዳ በሷ ላይ አይጫኑ። ያቺ ሴት ባነር ይዛ አልሄደችም። ሕግ ቀይራ ነው የሄደችው።

ኮምቦልቻ 04፦
የቀየረችውም ሁሉም ቦታ አልቆመም። ካሊፎርኒያ በ2022 ያንኑ ደንብ ተከትላ ሕግ አወጣች። በዓመቱ ፍርድ ቤት አገደው።

የሸዋ በሯ እናት፦
ማን ከሶ ነው ያገደው?

ኮምቦልቻ 04፦
የቴክኖሎጂ ኩባንያዎቹ ማኅበር።

የሸዋ በሯ እናት፦
በቃ። የከሰሱት ሰዎች ማንነት ለኔ ይበቃኛል።

የሕግ ተማሪው፦
አይበቃም እህቴ። ክሱ የመናገር ነፃነትን የሚመለከት ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የምፈራው ሕጉ እዚህ ሲመጣ ነው። «ለልጆች ደህንነት» ተብሎ የሚዘጋው የልጆቹ ብቻ ይሆናል? ኢንተርኔት ሲጠፋብን የኖርን ሰዎች ነን። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከማኅበራዊ ሚዲያ አግዳለች። ታናሽ ወንድሜ 15 ዓመቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ከተማው በጦርነቱ ተይዞ፣ ትምህርት ቤት ተዘርፎ፣ ሲመለስ መጽሐፍ አልነበረም። የተማረው ስልክ ላይ በሚላክ ፒዲኤፍ ነው። ያንን ልጅ ስልኩን ዝጋ ልለው?

የቧንቧ ውሃው መምህር፦
የኪድሮን ደንብ ልጁን አያባርርም፤ ኩባንያዎቹን ቤታችሁን አስተካክሉ ነው የሚለው። አውስትራሊያና እሱ አንድ አይደሉም። አትቀላቅለው።

ጋሼ ሐረጎ፦
የአውስትራሊያዋ የኢንተርኔት ደህንነት ኮሚሽነር ጁሊ ኢንማን ግራንትስ? ማይክሮሶፍትና ትዊተር ስትሠራ የኖረች ናት ሲባል ሰምቻለሁ። ከነሱ ቤት ወጥታ ነው እነሱን የምትቆጣጠረው። ይህንንስ ምን ትሉታላችሁ?

የፒያሳው ሞባይል ቤት፦
እኔ ጥሩ ነው እላለሁ። ስልክ የሚጠግን ሰው ስልክ ፈትቶ የሚያውቅ መሆን አለበት።

ኮምቦልቻ 04፦
ጋሼ፣ ስለ ሰው እንጀራ ካነሱ አይቀር፣ ሚኒባስዎ ውስጥ ረዳትዎ ድምፁን ከፍቶ የሚያየው ቪዲዮስ? ባለፈው ከሐረጎ ቁልቁለት ጀምሮ እስክንወርድ ስድብ ነው የሰማነው። አጠገቡ ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ታሪፉንም ጨምራችሁ ነው ያስከፈላችሁን።

ጋሼ ሐረጎ፦
የረዳቱን እቀጣለሁ፣ እሱ ልክ ነህ። ታሪፉን ግን እዚህ አታምጣ። ነዳጅ ስንት ሰዓት ተሰልፈን እንደምንቀዳ ታውቃለህ?

ኮምቦልቻ 04፦
ሰልፉን ተሳፋሪው አላመጣውም።

የሸዋ በሯ እናት፦
ኧረ በአላህ፣ ነዳጁን ተዉት። እኔ አንድ ነገር ነው የምለው። የትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ እሑድ ይሰበሰባል። የልጆቹን አካውንት በትክክለኛ ዕድሜ የሚያስተካክል፣ ፎቶ ሲወጣ የት እንደሚኬድ የሚያውቅ አንድ ሰው ይመደብ ብዬ እጠይቃለሁ። ደሞዝ ይኑረው። ሥራዬ ብሎ ይያዘው። እንጀራው ይሁን!

ጋሼ ሐረጎ፦
ማን ይከፍለዋል? ኮሚቴው ለጠመኔም መዋጮ ነው የሚሰበስበው።

የሆጤዋ አክስት፦
ለኔ ዘመድ ልጅ ያኔ ቢኖር ኖሮ እኔ ራሴ እከፍለው ነበር።

የፒያሳው ሞባይል ቤት፦
አካውንቱን እኔ ሱቅ አምጧቸው፣ በነፃ አስተካክላለሁ። የቢሮውን ነገር ግን አልችልም።

ጋሼ ሐረጎ፦
እመጣለሁ እሑድ። ግን ሴትዮዋን አመስግን ብላችሁ አታስገድዱኝ።

የቧንቧ ውሃው መምህር፦
ማመስገኑ ይቅር። «እንጀራዋ ነው» ያሉትን ብቻ ያንሱልኝ።

ጋሼ ሐረጎ፦
አላነሳም።

ኮምቦልቻ 04፦
ሰው ከመደባችሁ ለደሴ ብቻ እንዳይሆን። እዚህም ልጆች አሉ።