ስክሪፕቱ «ተሰርዟል» ይላል፣ ስታኩ ግን እንዳለ ነው

ጥያቄ፦ ኮደሯ

ሰላም ወገኖች፣ እርዳታ ፈልጌ ነው። ለየብራንቹ (ለየኮዱ ቅርንጫፍ) የሙከራ ኢንቫይሮንመንት በኤደብሊውኤስ (በአማዞን ክላውድ) ክላውድፎርሜሽን እናቆማለን፤ ሪሶርሶችን ስታክ በሚባል አንድ ጥቅል የሚፈጥርና የሚሰርዝ አገልግሎት ነው። ብራንቹ መርጅ ሲደረግ (ከዋናው ኮድ ጋር ሲቀላቀል) ስታኩ እንዲጠፋ አጭር የፓይተን ስክሪፕት አለኝ። ሥራው ቀላል ነው። በቦቶ3 (የኤደብሊውኤስ የፓይተን ላይብረሪ) ዲሊት ስታክ የሚባለውን የስረዛ ትዕዛዝ ከስታኩ ስም ጋር ይጠራል፣ «ተሰርዟል» ብሎ ይጽፋል፣ ይወጣል።

ኤረር አይሰጥም። ኮንሶሉ ላይ ግን ሌላ ነው የማየው። ብዙዎቹ ዲሊት ፌይልድ (ስረዛው አልተሳካም) ላይ ቆመዋል። ጥቂቶቹ ደግሞ ጭራሽ አልተነኩም፣ ክሪኤት ኮምፕሊት (ተፈጥሮ አልቋል) እንዳሉ ናቸው። እያንዳንዱ ስታክ አንድ ኤስ3 ባኬት (የፋይል ማከማቻ)፣ ቪፒሲ (የግል ኔትወርክ) ውስጥ ያለች ላምዳ (ያለ ሰርቨር የምትሮጥ ኮድ) እና በአርዲኤስ (የዳታቤዝ አገልግሎት) ላይ አንድ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ይዟል። አንድ በአንድ በእጄ መሰረዝ አልፈልግም። በኮድ እንዴት ላጽዳው? ሂሳቡም እየቆጠረ ነው።

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ ዲሊት ስታክ ትዕዛዙን ተቀብሎ ወዲያው ነው የሚመለሰው። መሰረዙ ከጀርባ ይቀጥላል። ጥሪው ያለ ኤረር አለፈ ማለት «ጥያቄሽ ደርሶኛል» ማለት ብቻ ነው። ስክሪፕትሽ ጠብቆ ሳያይ «ተሰርዟል» ማለት የለበትም። ቦቶ3 ለዚህ ዌይተር (ሁኔታውን እየጠየቀ የሚጠብቅ) አለው፣ ስታክ ዲሊት ኮምፕሊት የሚባለው። ካልቀየርሽው በየ30 ሰከንዱ እስከ 120 ጊዜ ይጠይቃል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ስታኩ ዲሊት ፌይልድ ላይ ከወደቀ ኤረር ያነሳል፣ ያኔ ስክሪፕቱ በትክክል ይወድቃል።

ያልተነኩት ላይ የምጠረጥረው ሪጅኑን (ስታኩ የቆመበትን የክላውዱን አካባቢ) ነው። ዲሊት ስታክን በሌለ ስታክ ስም ብትጠሪው አይጮህም፣ ተሳክቷል ብሎ ያልፋል። ሪጅኑ ከተለየ ደግሞ ለእሱ ስታኩ የለም። የባሰው ነገር ዌይተሩም በስም ከጠየቅሽው «እንዲህ ያለ ስታክ የለም» የሚለውን ምላሽ እንደ ተሳካ ስረዛ ነው የሚቆጥረው። ሁለቱም ይሸውዱሻል።

መላው ይሄ ነው፦ መጀመሪያ የስታኩን ሁኔታ የሚያሳየውን ዲስክራይብ ስታክስን ጥሪ። ስታኩ ከሌለ እዚያው ኤረር ይሰጥሻል። ካለ አይዲውን ያዢና ከዚያ ወዲያ ሁሉንም በአይዲው ሥሪ። ስታኩ ከጠፋ በኋላ በስሙ ፈልገሽ አታገኚውም፣ በአይዲው ግን ለ90 ቀን ሁኔታውን ማየት ይቻላል።

መልስ፦ ብራና

ዲሊት ፌይልድ ላሉት መልሱ ኢቨንቶቹ (በስታኩ ላይ የሆነው ሁሉ መዝገብ) ውስጥ ነው ያለው። ዲስክራይብ ስታክ ኢቨንትስ አዲሱን ከላይ አድርጎ ነው የሚሰጥሽ። ሰው ብዙ ጊዜ የላይኛውን አንብቦ ግራ ይገባዋል። ወደ ታች ውረጂና የዚህ ስረዛ የመጀመሪያውን ውድቀት ፈልጊ። ሌላው ተከትሎ የመጣ ነው።

ሳላየው ብገምት ባኬቱ ነው። ክላውድፎርሜሽን ውስጡ ፋይል ያለበትን ኤስ3 ባኬት አይሰርዝም። ስለዚህ ከዲሊት ስታክ በፊት ባዶ ማድረግ አለብሽ። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ባኬቱ ቨርዥኒንግ (የፋይሎችን አሮጌ ቅጂ የሚያቆይ) በርቶለት ከነበረ ፋይሎቹን መሰረዝ አይበቃም። ፋይሉ ከዝርዝሩ ይጠፋል እንጂ አሮጌው ቨርዥን አለ፣ በላዩም ዲሊት ማርከር (የ«ተሰርዟል» ምልክት) ይቀመጣል። ኮንሶሉ ባዶ መስሎ ይታይሻል፣ ስረዛው ግን ባኬቱ ባዶ አይደለም ብሎ ይወድቃል። ቨርዥኖቹንም ማርከሮቹንም ማጥፋት የግድ ነው። በዝቅተኛው ኤፒአይ ከሄድሽ በአንድ ጥሪ ከ1000 በላይ አይቀበልም፣ ሉፕ ያስፈልግሻል። በቦቶ3 የሪሶርስ መንገድ ግን የባኬቱን ኦብጀክት ቨርዥንስ ይዘሽ ዲሊት ካልሽው ክፍፍሉን ራሱ ይሠራዋል።

ሌላ ነገር፦ ባዶ ስታደርጊው የሚጽፍበት አካል ካለ፣ ለምሳሌ አክሰስ ሎግ ወይም ያቺው ላምዳ፣ ጨርሰሽ ሳትወጪ አዲስ ፋይል ይገባል። ጸሐፊውን ቀድመሽ አስቁሚ።

ላምዳዋ ቪፒሲ ውስጥ ስለሆነች የኔትወርክ ኢንተርፌሷ እስኪነሳ ሳብኔቱና (የኔትወርኩ ክፍል) ሴኩሪቲ ግሩፑ (የኔትወርክ ፈቃድ ደንቡ) አይለቀቁም። ይሄ ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። እዚያ ላይ ከወደቀ ቆይተሽ ዲሊት ስታክን ድገሚው፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

መልስ፦ ዳመና ጠራጊ

ለምን ይህን ሁሉ ልፋት? ዲሊት ፌይልድ ላይ ላለ ስታክ ሪቴይን ሪሶርስስ የሚል ፓራሜትር አለ። እምቢ ያለውን ሪሶርስ ስም ትሰጪዋለሽ፣ እሱን ትቶ ስታኩን ይዘጋል። ስታኩ ዲሊት ፌይልድ ላይ ካልሆነ ግን አይሠራም። በ2024 ደግሞ ፎርስ ዲሊት ስታክ የሚል ሁነታ ጨምረዋል፣ ስሞቹን መዘርዘርም አይጠበቅብሽም። በደቂቃ ትገላገያለሽ።

መልስ፦ ብራና

ዳመና ጠራጊ፣ ከአክብሮት ጋር አልስማማም። እሷ ያለችው ሂሳቡ እየቆጠረ ነው ነው። በዚህ መንገድ የሚጠፋው ስታኩ እንጂ ሪሶርሱ አይደለም። ባኬቱም ሳብኔቱም ባለቤት አልባ ሆኖ አካውንቱ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ የማን እንደሆነ የሚነግራት ስታክ እንኳ የለም። መጨረሻ ላይ፣ ምን እንደተተወ ጽፎ ይዞ፣ ያኔ እሺ። በየቀኑ በሚሮጥ ስክሪፕት ውስጥ ግን አላስገባውም።

መልስ፦ ሎግ አንባቢ

አርዲኤሱን ማንም አላነሳውም። ቴምፕሌቱ (የስታኩ መግለጫ ፋይል) ላይ ዲሊሽን ፖሊሲ (ሲሰረዝ ምን እንደሚሆን) ካልጻፍሽ ለብቻው ለቆመ የአርዲኤስ ዳታቤዝ ነባሪው ዲሊት ሳይሆን ስናፕሾት (ቅጂ ማስቀረት) ነው። ስታኩ በሰላም ይጠፋል፣ ስናፕሾቱ ይቀራል፣ ማከማቻውም ያስከፍላል። ለሙከራ ዳታቤዝ ዲሊት ብለሽ በግልጽ ጻፊው። ለእውነተኛ ዳታ እንዳታደርጊው ብቻ! ዳታቤዙ ላይ ዲሊሽን ፕሮቴክሽን በርቶ ከሆነ ደግሞ ስረዛው እዚያው ይወድቃል፣ አስቀድመሽ አጥፊው።

የላምዳዋም ሎግ ግሩፕ (የሎጎቿ ማከማቻ) ይቀራል። ራሷ ላምዳ ስትሮጥ የፈጠረችው ስለሆነ ስታኩ አያውቀውም። ዘመን የለውም፣ ካልሰረዝሽው ይኖራል። ሎግ ግሩፑን በዚያው ስም ቴምፕሌቱ ውስጥ ብታስገቢው ከስታኩ ጋር አብሮ ይሄዳል።

መልስ፦ አዙረኛ

የእኛ ሰፈር ትንሽ ስለሚለይ፣ በአዙር (በማይክሮሶፍት ክላውድ) የምትሠሩ ካላችሁ ልጨምር። እዚህ «ዲፕሎይመንት» የሚሰረዝ ነገር ነው፣ ኤፒአይውም አለ። ግን የሚጠፋው የታሪክ መዝገቡ ብቻ ነው። የፈጠራቸው ማሽኖችና ዲስኮች አይነኩም። በአንድ ሪሶርስ ግሩፕ (የሪሶርሶች ስብስብ) የሚቀመጠው ታሪክ ወሰኑ 800 ስለሆነ ሰው መዝገቡን የሚያጸዳው ለዚያ ነው። ሪሶርሶቹን ለማጥፋት ሪሶርስ ግሩፑን መሰረዝ ወይም ዲፕሎይመንት ስታክ (ሪሶርሶቹን እንደ አንድ ጥቅል የሚይዝ) መጠቀም ነው። እኔ ለሙከራ ሥራ ለየብራንቹ አንድ ሪሶርስ ግሩፕ እለያለሁ፣ መሰረዙ አንድ ጥሪ ይሆናል። ሎክ (የስረዛ መከላከያ ቁልፍ) ካለበት ግን አይሰረዝም።

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

በቴራፎርም (ሪሶርሶችን በኮድ የሚያቆም ሌላ መሣሪያ) የሚሠራም ቢሆን ቴራፎርም ዲስትሮይ የሚያጠፋው ስቴት ፋይሉ (የፈጠራቸውን የሚመዘግብበት) ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ስቴቱ ከጠፋ ሪሶርሶቹ ለእሱ የሉም። መጀመሪያ ፕላኑን በዲስትሮይ አማራጭ አውጥታችሁ አንብቡ። ሪሶርስ እንዳይጠፋ የሚከለክለውን ፕሪቨንት ዲስትሮይንም ብዙ አትመኑት፣ ሪሶርሱ ከነብሎኩ ከኮዱ ከወጣ ጥበቃውም አብሮ ይወጣል።

ኮደሯ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህ ስክሪፕት የሚጠቀምበት ሮል (የፈቃድ ማንነት) ስሙ በተወሰነ ቅድመ ቅጥያ የሚጀምር ስታክ ብቻ እንዲሰርዝ ገድቢው። ፕሮዳክሽን ስታኮች ላይ ደግሞ ተርሚኔሽን ፕሮቴክሽን (የስታክ ስረዛ መከላከያ) ይብራ፤ እሱ ሲኖር ዲሊት ስታክ ወዲያው ኤረር ይሰጣል። ስክሪፕቱ ውስጥ ያለ «ኢፍ» ብቻውን አያስተማምንም።

ጠያቂዋ፦ ኮደሯ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያልተነኩት በሙሉ ሌላ ሪጅን ላይ ተገኙ። ባኬቶቹም ቨርዥኒንግ በርቶባቸው ነበር፣ ቨርዥኖቹን ካጸዳሁ በኋላ አብዛኞቹ ሄዱ። ሮሉን ገድቤዋለሁ። አንድ ስታክ ብቻ ቀረኝ፤ የተፈጠረበትን ሮል መጠቀም አልቻልኩም ይላል። ሮሉን ሰው ቀድሞ ሰርዞታል።

መልስ፦ ብራና

ዲሊት ስታክን ስትጠሪ ሮል ኤአርኤን (የሮሉ ሙሉ መለያ) የሚል ፓራሜትር አለ፣ በቂ ፈቃድ ያለው ሌላ ሮል ስጪው። ሮሉ ክላውድፎርሜሽንን የሚያምን መሆን አለበት። እሱ ካልሆነልሽ የድሮውን ሮል በዚያው ስም መልሰሽ ፍጠሪ፣ ስታኩን ሰርዢ፣ ከዚያ ሮሉን አጥፊ።