ኦቨርክሎክ ያደረግኩት ኮምፒውተር ጌም ላይ ደህና ነው፤ አይንስታይን አት ሆም ላይ ግን ስሌት ይስታል

የጉለሌው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቦይንክ (የበጎ ፈቃደኞችን ኮምፒውተር ለሳይንስ ስሌት የሚያሠራ ፕሮግራም) ጭኜ ኮምፒውተሬን ፑልሳር የሚባሉ ኮከቦችን ለሚፈልገው አይንስታይን አት ሆም ፕሮጀክት ሌት ተቀን አሠራዋለሁ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600ኤክስ ነው። ኦቨርክሎክ አድርጌ (ከፋብሪካው ቅንብር አልፌ) ሁሉንም ኮር፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን ማስሊያ ክፍሎች፣ 4.6 ጊጋኸርዝ ላይ፣ ቮልቴጁን ደግሞ 1.25 ላይ አስሬዋለሁ። ራሙ 16 ጊጋ ዲዲአር 4 ነው፤ ኤክስ ኤም ፒ (የራሙን ፍጥነት ከፍ የሚያደርገው ቅንብር) ተከፍቶ በ3600 ይሠራል። ማቀዝቀዣው ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ነው።

ጌም ላይ አስቸግሮኝ አያውቅም። ቦይንክ ላይ ግን ሥራዎቹ መሀል ላይ የስሌት ስህተት ብለው ይቆማሉ። እስከ መጨረሻው ከደረሱትም ውድቅ የሚደረጉ አሉ። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ማሽኑ በድንገት ጠፍቶ ይነሳል። ሙቀቱ 91 ዲግሪ ይደርሳል። ቮልቴጅ ልጨምር? ያለሁት አዲስ አበባ ነው።

ሌሊት ፈረቃ

ሰላም ወንድሜ። ቮልቴጁን አትንካው። የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ 95 ዲግሪ ነው፤ አንተ ደግሞ ጫፉ ላይ ነህ። ብትጨምር የምታተርፈው ሙቀት ብቻ ነው።

ጌም ለዚህ ምስክር አይሆንም። ጌም ኮሮቹን አንዴ ያሠራል፣ አንዴ ያሳርፋል። አንዲት ቁጥር ብትሳሳት ስክሪኑ ላይ የአንዲት ነጥብ ቀለም ይዛባል፤ ማንም ልብ አይላትም። እዚህ ግን አንዱ ስህተት ወደ ቀጣዩ ስሌት እየተሻገረ የብዙ ሰዓት ሥራ ያበላሻል። ከእነዚህ ፕሮጀክቶች ብዙዎቹ ኤቪኤክስ የሚባሉትን ከባድ ትእዛዞች ስለሚጠቀሙ ፕሮሰሰሩ ከጌም የበለጠ ዋት ይበላል።

መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ቅንብር መልስ፤ ራሙንም ጭምር። ከዚያ ቦይንክን ጥቂት ቀን አሠራ። ስህተቱ ከጠፋ ምክንያቱ ኦቨርክሎኩ ነው፤ አንድ በአንድ እየመለስክ ትለየዋለህ። ሁለት ነገር ባንዴ እንዳትቀይር፤ የትኛው እንደሆነ ግራ ይገባሃል። ካልጠፋ ወደ ፓወር ሳፕላይና ወደ ራሙ ዞር በል።

የቁጥር ወዳጅ

ራሙን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኤክስ ኤም ፒም እኮ ኦቨርክሎክ ነው! ኤኤምዲ ለ5600ኤክስ በይፋ የሚቀበለው ራም እስከ 3200 ነው። 3600 ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ዋስትና ግን የለውም።

ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት 86 ፕላስን ፍላሽ ላይ ጭነህ ኮምፒውተሩን ከእሱ አስነሳ። ስትተኛ ጀምረህ ጠዋት እየው። አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ ራሙ በዚያ ፍጥነት አይታመንም። እዚህ ላይ «ትንሽ ስህተት» የሚባል ነገር የለም።

ለፕሮሰሰሩ ፕራይም 95 አለልህ። ከ1996 ጀምሮ ግዙፍ ፕራይም ቁጥሮችን በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተር የሚፈልገው የጂምፕስ ፕሮጀክት ፕሮግራም ነው፤ ስለዚህ ስሌት ሲሳት ይነቃል። ስሞል ኤፍኤፍቲ የሚለው ምርጫ ፕሮሰሰሩን ይፈትናል፤ ብሌንድ የሚለው ራሙንም ይጨምራል። ራውንዲንግ የሚል ስህተት ጽፎ ከቆመ ማሽኑ እየሳተ ነው። ብቻ ሙቀቱን ኤች ደብሊው ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም እየተከታተልክ ይሁን።

ኤሌክትሪሻኑ

ሌሊት የሚጠፋውን ለብቻው እየው፤ ከስሌት ስህተቱ ጋር ላይገናኝ ይችላል። የዊንዶውስ መዝገብ በሆነው ኢቨንት ቪወር ውስጥ ሲስተም የሚለውን ከፍተህ ያን ሰዓት ፈልግ። ከርነል ፓወር 41 የሚነግርህ በድንገት መጥፋቱን ብቻ ነው። አብሮት ደብሊው ኤች ኢ ኤ ሎገር የሚል ካለ ግን ስህተቱን የመዘገበው ሃርድዌሩ ስለሆነ መብራቱን አትውቀስ። የዋይፋይ ራውተርህንም ገጽ እየው፤ ከተነሳ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ይጽፋል። እሱም በዚያው ሰዓት ከተነሳ መብራት ሄዶ ነው።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ከገዛህ ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለውን ጠይቅ። መብራቱ ሲወርድና ሲወጣ ያስተካክላል። ርካሹ ዓይነት ግን በአብዛኛው የመጣውን እንዳለ ነው የሚያሳልፈው።

ሌላው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ20 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ውጭ አገር ያለ ሰው «በዚሁ ማቀዝቀዣ 80 አይደርስም» ቢልህ ለአንተ አይሠራም። አቧራውን ጥረግ፤ ቴርማል ፔስቱ ከደረቀም ቀይረው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ኦቨርክሎኩን ራሱ አልደግፈውም። አይንስታይን አት ሆም አንዱን ሥራ ለሁለት ኮምፒውተር ይልካል። መልሶቹ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው እንደገና ይሠራዋል። ያንተ ማሽን ሲስት የሌላ ሰው መብራትና ጊዜም አብሮ ይባክናል። በ2010 ይህ ፕሮጀክት አዲስ ፑልሳር ያገኘው እንዲህ በየቤቱ ባሉ ኮምፒውተሮች ነው። የሚፈለገው ትክክለኛ መልስ እንጂ ተጨማሪ 100 ሜጋኸርዝ አይደለም።

ፍጥነቱን በእጅ ስታስር ኤኤምዲ ያስቀመጠው የ76 ዋት ገደብ ይነሳል። ወደ 91 የወሰደህ አንዱ እሱ ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ቅንብር) ውስጥ ኃይል ቆጣቢውን ኢኮ ሞድ አብራ፤ ወደ 60 ዋት ገደማ ይወርዳል። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን በጣም።

ቦይንክ ላይም የፕሮሰሰር ጊዜን 60 በመቶ ብለህ አትገድበው። እያሠራ እያቆመ ስለሚሄድ ሙቀቱም ቮልቴጁም ሲዋዥቅ ይውላል። ይልቅ ከ12ቱ ትሬድ (ፕሮሰሰሩ ጎን ለጎን ከሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) 10 ብቻ ስጠው።

የጉለሌው

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሜምቴስት በ3600 ስህተት አወጣ፤ በ3200 ንጹህ ነው። ፕራይም 95 ደግሞ በ4.6 ወዲያው ቆመ፤ ወደ ፋብሪካው ስመልሰው ሌሊቱን ሙሉ ያለ ችግር ሠራ። ኢኮ ሞድ ላይ ሙቀቱ 70 አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ውድቅ የተደረገብኝ ሥራ የለም። ማሽኑ አሁንም አንድ ሌሊት ጠፍቶ ነበር፤ ራውተሩም አብሮ ነው የተነሳው። ስለዚህ ያ መብራት ነው፣ ዩፒኤስ እየጠየቅሁ ነው።

የቁጥር ወዳጅ እህቴ፣ የየኮሩን ቮልቴጅ መቀነስ የሚያስችለውን ከርቭ ኦፕቲማይዘርን በትንሹ ብሞክርስ?

የቁጥር ወዳጅ

ሞክር፣ ግን ከ5 ወይም ከ10 ቅናሽ ጀምር። ሰው ሁሉ 30 አደረግኩ ስላለ አትከተል። ቮልቴጁ የተቀነሰ ኮር ሙሉ ጭነት ላይ ደህና ሆኖ፣ ለብቻው በከፍተኛ ፍጥነት ሲሮጥ ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ኮር ባንዴ መፈተን አይበቃም። ኮርሳይክለር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፕራይም 95ን በየኮሩ እያዞረ ያሠራል። የሳተውን ኮር ብቻ ወደ ዜሮ መልሰው፤ ሌሎቹን ተዋቸው።

ከመጀመርህ በፊት ግን ቦይንክ ላይ አዲስ ሥራ እንዳይቀበል አድርግና የያዘውን ይጨርስ። ኮሮቹ ሁሉ ካለፉ በኋላ መልሰህ ትከፍተዋለህ።